የሳሮኒ ስምና 85,000ው ቅጂ

ፎቶግራፍን ያለባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት ድረ ገጽ ያመጣው ችግር መስሎ ቢታይም፣ ክርክሩ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አስቈጥሯል። ሥር የያዘበትም አንዱ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው የናፖሊዮን ሳሮኒ ጉዳይ ነው።

ሳሮኒ በኒው ዮርክ ከተማ በዩኒየን ስኩዌር ስቱዲዮ ከፍቶ የቴአትር ሰዎችን በማንሣት ስመ ጥር የሆነ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1882 መጀመሪያ አየርላንዳዊው ደራሲ ኦስካር ዋይልድ ንግግር እያደረገ ለመዘዋወር ወደዚያ አገር በገባ ጊዜ፣ ሳሮኒ በልዩ ልዩ አቀማመጥ አነሣው። ከነዚያም መካከል 18 ቁጥር የተሰጠውን ምስል ቡሮው-ጃይልስ የተባለው የሊቶግራፍ ኩባንያ ፈቃድ ሳይጠይቅ ገልብጦ 85,000 ቅጂ ለገበያ አወጣው። ሳሮኒ ራሱ ወደ ካሜራ ከመዞሩ በፊት ሊቶግራፍ አታሚ ስለነበረ፣ ሥራው የተወሰደበት በቀድሞ ሙያው ሰዎች እጅ ነበር ማለት ነው።

ኩባንያው መገልበጡን አልካደም። የተከራከረው በሁለት ነጥብ ነው። አንደኛው፣ ሕጉ በምስሉ ላይ የባለመብቱ ስም እንዲጻፍ ሲያዝ «ኤን. ሳሮኒ» ብሎ በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ማሳጠር አይበቃም የሚል ነበር፤ ይህ ቶሎ ወደቀ። ሁለተኛው ግን የሙያውን ክብር የሚነካ ነበር፤ ይኸውም ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው የደራስያንን ሥራ ስለሆነ፣ ካሜራ ደግሞ በፊቱ የቆመውን ከመቅዳት በቀር የሚፈጥረው ነገር ስለሌለ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ደራሲ ሊባል አይችልም የሚል ነው።

ዳኛ ሳሙኤል ሚለር የጻፉት ውሳኔ ይህን አልተቀበለም። ሳሮኒ ባለጉዳዩን ያስቀመጠበት ሁኔታ፣ ልብሱንና መጋረጃውን መምረጡ፣ ብርሃንና ጥላውን ማደላደሉ ከገዛ አእምሮው የመነጨ ስለሆነ የምስሉ ደራሲ እርሱ ነው ተባለ። የተፈረደለትም ገንዘብ በጠቅላላው 610 ዶላር ነበር፤ ለ85,000 ቅጂ ሲካፈል ለአንዱ አንድ ሳንቲም እንኳ አይደርስም።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ ያልተዘጋጀ ተራ ፎቶግራፍ ያው ጥበቃ ይገባው እንደሆነ ሳይወስን አለፈ። በመንገድ ዳር ቆሞ አጋጣሚ ለሚጠብቅ አንሺ ይህ ዝምታ ቀላል አልነበረም፤ የዚያ ሰው ጥበብ መጋረጃ ማደላደል ሳይሆን ቅጽበት መምረጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1921 ዳኛ ለርነድ ሃንድ ምንም ያህል ተራ ቢሆን ከአንሺው ተጽዕኖ ነጻ የሆነ ፎቶግራፍ የለም የሚል አስተያየት እስኪሰጡ ድረስ 37 ዓመት አልፏል።

የስሙ ነገርም ተለውጧል። አሜሪካ የበርን ስምምነትን በተቀበለችበት በማርች 1 ቀን 1989 ስም የመጻፉ ግዴታ ቀረ። በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ሲቈጥር፣ ወጥ የሆነና የተቀረጸ ሥራ ያለ ምንም ሥርዓት ጥበቃ እንዲያገኝ ደንግጓል። ዛሬ በምስል ላይ የሚታተም ስም እንግዲህ መብቱን የሚያስገኝ ሳይሆን ባለቤቱን የሚጠቁም ምስክር ነው፤ እርሱም በዳር ከተጻፈ በቀላሉ ይቈረጣል፣ በመሐል ከተጻፈ ሥራውን ያበላሻል። በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ስምና ቀንም ምስሉ ከአንዱ ድረ ገጽ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ ማውረድን የሚከለክለው ዘዴም የኮምፒዩተሩን መስኮት ፎቶ ከማንሣት አያግድም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ለእይታ የሚያወጣው አነስተኛውን ቅጂ ነው፤ ሙሉው ምስል፣ እንደ ሳሮኒ ዘመን የመስታወት ኔጌቲቭ፣ ከስቱዲዮው አይወጣም።