«ሲስተም የለም» ሲባል፦ ሶፍትዌር ወደ አዲስ ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ የሚያጋጥም የዳታቤዝ ግንኙነት መቋረጥ

አንድ ተቋም የአገልግሎት መስጫ ሶፍትዌሩን ወደ አዲስ ሰርቨር ባዛወረባቸው ቀናት ተገልጋዮች በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» የሚል ምላሽ ሊያጋጥማቸው ይችላል። ይህ ምላሽ በአብዛኛው የተገልጋዩ ፋይል ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሠራተኛው በኮምፒውተሩ የሚከፍተው ሶፍትዌር እና የተገልጋዩ መረጃ የተቀመጠበት ዳታቤዝ የተለያዩ ሲሆኑ፣ የተቋረጠው በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት ነው።

ሶፍትዌሩ ዳታቤዙን የሚያገኘው አስቀድሞ በተሞላለት የሰርቨር አድራሻ፣ የፖርት ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስም እና የይለፍ ቃል አማካይነት ነው። ከዝውውሩ በኋላ ከእነዚህ አንዱ ሳይታረም ከቀረ ግንኙነቱ አይሳካም። ባለሙያዎች መነሻውን የሚለዩት ከስህተት መልእክቱ ነው። ጥያቄው ምላሽ ሳያገኝ የመጠበቂያ ጊዜው ካለፈ፣ አድራሻው መሳሳቱ ወይም ፋየርዎል መንገዱን መዝጋቱ ይጠረጠራል። ጥያቄው ወዲያው ውድቅ ከሆነ ግን ሰርቨሩ ቢገኝም ዳታቤዙ አልተነሣም፣ ወይም በሌላ ፖርት ላይ ነው፤ የተለመደው ፖርት ለኤስኪውኤል ሰርቨር 1433፣ ለፖስትግሬስኪውኤል 5432፣ ለማይኤስኪውኤል 3306 ነው። የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ፈቃድ የሚከለከልበት ጊዜም አለ፤ በማይኤስኪውኤል የተጠቃሚ ፈቃድ ጥያቄው ከሚመጣበት ኮምፒውተር ጋር ሊያያዝ ስለሚችል፣ ሶፍትዌሩ ከአዲስ ሰርቨር ሲጠይቅ እንደ እንግዳ ይቆጠራል። እነዚህ ሁሉ የተመዘገበውን መረጃ አይነኩም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ግንኙነቱ በከፊል የሠራበት ሁኔታ ነው። መረጃው ወደ አዲሱ ሰርቨር ከተገለበጠ በኋላ አንዳንድ መስኮቶች ከነባሩ ጋር እንደተገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። በእነዚያ መስኮቶች የተስተናገደ ሰው ደረሰኝ ይዞ ይወጣል፤ በማግስቱ ሌላ መስኮት ሲጠይቅ ግን «አልተመዘገቡም» ይባላል። ስለዚህ ተቋሙ ነባሩን ዳታቤዝ ከመገልበጡ በፊት አዲስ ምዝገባ እንዳይቀበል ማድረግ፣ ሁለቱ መዛግብት ተመሳክረው እስኪያልቁም ነባሩን አለማጥፋት ይጠበቅበታል። ተገልጋዩም እንደገና ከመመዝገቡ በፊት ነባሩ ሰርቨር እንዲታይለት ቢጠይቅ ይመረጣል። በዚህ ጊዜ የተስተናገደበትን ቀን፣ ሰዓትና የመስኮት ቁጥር መግለጽ ፍለጋውን ያቀላል። ሲስተሞች ሰዓትን በአብዛኛው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚመዘግቡ የጠዋቱ 3 ሰዓት በመዝገቡ 9 ሰዓት ሆኖ ይገኛል፤ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ ካልተገለጸ ፍለጋው ሊሳሳት ይችላል።

ግንኙነቱ ተመልሶም በአማርኛ የተጻፈ ስም በጥያቄ ምልክቶች ተተክቶ ሊታይ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግንኙነቱ የግዕዝ ፊደላትን በሚያስተናግደው የዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ካልተዋቀረ ነው። ስሙ በዚያው መልክ ዳግም ከተቀመጠ ዋናዎቹ ፊደላት ይጠፋሉ፤ የሚመለሱትም ከመጠባበቂያ ቅጂ ወይም ከወረቀት ማኅደር ነው። በመሆኑም ተገልጋዮች የታተመ ሰነድ ላይ ከመፈረማቸው በፊት ስማቸውን፣ የአባትና የአያት ስማቸውን ማንበብ ይኖርባቸዋል።

ክፍያን በተመለከተ፣ በባንክ ወይም በሞባይል የተፈጸመ ክፍያ በሌላ ሲስተም ስለሚያልፍ ገንዘቡ ተቀንሶ ማረጋገጫው ለተቋሙ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ሲያጋጥም ድጋሚ አለመክፈል፣ የግብይት ቁጥሩን የያዘውን መልእክት አለማጥፋት እና የደረሰኙን ቅጂ ከጽሑፍ ማመልከቻ ጋር ለአገልግሎት ሰጪው የሥራ ክፍል ማቅረብ ያስፈልጋል። ዋናው ደረሰኝ በተገልጋዩ እጅ ይቆያል።