የቤተሰብ ፎቶግራፍና የእርማቱ ታሪክ

ፎቶግራፍን ማረም ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። ታሪኩ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ የሆነው ዳጌሮታይፕ ምስሉን በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ያስቀር ስለ ነበረ ቅጂ አልነበረውም። እንግሊዛዊው ታልቦት በ1841 ያስመዘገበው የኔጌቲቭ ዘዴ ግን አንዱን ምስል ደጋግሞ ለማተም አስቻለ። ከጊዜ በኋላም ባለሙያዎች ኔጌቲቩን በእርሳስ እየነኩ የፊትን መጨማደድ ማለስለስ ያዙ።

ኢስትማን በ1888 ኮዳክን፣ በ1900 ደግሞ በ1 ዶላር የሚሸጠውን ብራውኒ ለገበያ ሲያቀርብ ካሜራው ወደ ተራው ቤተሰብ እጅ ገባ። እርማቱ ግን የባለሙያው እንደ ሆነ ቆየ፤ ፎቶሾፕ በ1990 ለሽያጭ ከቀረበ ወዲህ ነው እርሱም ቀስ በቀስ ወደ ቤት የገባው።

በእኛም ቤት ገብቷል። የአያቴን አሮጌ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ሳድስ የታጠፈበትን መስመር አጠፋሁ፤ በአንገታቸው ላይ የነበረውንም ጥቁር ነገር እድፍ መስሎኝ አብሬ ጠረግሁት። እናቴ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና፣ «የእናቴን ንቅሳት ምን አደረግኸው?» አለችኝ። ደግነቱ ዋናው ሳይነካ በእጃችን ነበር።

እኛ መሐንዲሶች ፕላን ስናሻሽል ዋናውን አንፍቅም፤ በቅጂው ላይ ቀን ጽፈን እናሻሽላለን። ለቤተሰብ ፎቶግራፍም የሚገባው ሥርዓት ይኸው ነው። ማረሙ አይከፋም፤ ዋናው ግን ሳይነካ ይቀመጥ፤ እድፍ ነው ብለን ከመጥረጋችንም በፊት ሰውየውን በሕይወት የሚያውቁትን እንጠይቅ።