ባለቀለም ማኑዋል በተርሚናል

ባለቀለም ማኑዋል በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ አብሮ የሚጫነው መመሪያ በተርሚናል ሲከፈት አርእስቱ፣ የትእዛዙ ስምና አማራጮቹ በየቀለማቸው ተለይተው እንዲነበቡ የሚያደርግ ቅንብር ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ያዘጋጁት የመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1971 የሚል ቀን ይዟል። ዛሬ መመሪያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ «ማን» ብሎ የትእዛዙን ስም ማስከተል ይበቃል፤ ኔትወርክ አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ የባሕር ዳር ወይም የአንበሳሜ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ መመሪያ ዓይን ሳያደክም ሊነበብ ይገባዋል።

ቀለም ንባብን የሚያግዘው በተርሚናል ብቻ አይደለም፤ በጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት የቅዱሳን ስምና የምንባብ መነሻ በቀይ ቀለም ይጻፋል። እዚያ ቀለሙን የሚወስነው ጸሐፊው ነው፤ በተርሚናል ግን አንባቢው ይወስናል። ማኑዋሉ የሚናገረው የቱ ቃል እንደሚደምቅ፣ የቱ ከሥሩ እንደሚሰመር ብቻ ነው። ግሮፍ የተባለው አሰናጅ ፕሮግራም፣ በቀድሞው ስልት ሲሠራ፣ አንድን ፊደል ለማድመቅ ፊደሉን ይጽፋል፣ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያንኑ ፊደል ይደግመዋል። ለማስመር ደግሞ መስመሩን አስቀድሞ ፊደሉን በላዩ ያሳርፋል። ልማዱ ወረቀት ላይ ይመቱ ከነበሩት የቴሌታይፕ መኪናዎች የመጣ ነው።

ማርክ ኑደልማን በ1980ዎቹ የጻፈው «ሌስ» የተባለው ጽሑፍን ገጽ በገጽ የሚያሳይ ፕሮግራም ይህን ድግግሞሽ አይቶ ወደ ተርሚናል ምልክት ይለውጠዋል። ቅንብሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባሽ በተባለው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም የማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ «ሌስ ተርምካፕ» በሚል ስም የሚጀምሩ ተለዋዋጮች ይጻፋሉ፤ መጨረሻው «ኤምዲ» የሆነው ድምቀቱን ይጀምራል፣ «ኤምኢ» ይዘጋዋል፤ «ዩኤስ» እና «ዩኢ» ለተሰመረው ጽሑፍ ናቸው። ዋጋቸው የኢስኬፕ ምልክት፣ የአራት ማዕዘን ቅንፍ መክፈቻ፣ ቁጥርና «ኤም» ፊደል ነው፤ 1 ድምቀት፣ 31 ቀይ፣ 32 አረንጓዴ፣ 0 ወደ ነበረበት መመለሻ። መዝጊያውን የዘነጋ ሰው ቀለሙ ወደ ቀጣዩ ጽሑፍ ይፈስበታል።

ግሮፍ በድግግሞሹ ፈንታ የቀለም ምልክቱን ራሱ ካወጣ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2023 ግሮፍ 1.23 ከወጣ በኋላ በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ቀለሙ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው «ግሮፍ ኖ ኤስጂአር» የተባለውን ተለዋዋጭ 1 ማድረግ ነው።

በግዕዝ ፊደል ለሚሠራ ሰው ሌላ እክል አለ። መስኮት በሌለው የሊኑክስ ኮንሶል የኢትዮጵያን ፊደል ለማሳየት «ጎሃ» የተባሉ ቅርጸ ፊደሎች ተዘጋጅተዋል። ፊደላችን ከላቲኑ ጋር ሲደመር ከ256 ቅርጽ ስለሚያልፍ ኮንሶሉ ወደ 512 ቅርጽ መሄድ አለበት፤ በቪጂኤ የጽሑፍ ስክሪን ላይ ለዚህ የሚያስፈልገው ቢት የሚወሰደው ከቀለሙ ነው። 16 የነበሩት የፊደል ቀለሞች 8 ይሆናሉ፤ የሚጠፉትም ደማቆቹ ናቸው። በመስኮት በሚከፈት ተርሚናል ይህ ገደብ የለም፤ እዚያ የሚቸግረው እንደ «ጨ» ያሉ ሰፋፊ ፊደላት በአንድ ፊደል ቦታ መጨናነቃቸው ነው።