ራዲያተር ሲሰነጠቅ ካምቢዮ ለምን ይሞታል? ዋስትናውስ የማን ነው?

አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው መኪና ውስጥ ሁለት ፈሳሾች ጎን ለጎን ይዞራሉ። አንደኛው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የራዲያተር ውሃ ነው፤ ሁለተኛው የካምቢዮ ዘይት ነው። ሁለቱ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። በብዙ መኪኖች ግን የሚለያቸው በራዲያተሩ ውስጥ ያለ ቀጭን የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ያ ግድግዳ የተሰነጠቀ ዕለት በራዲያተር ቅያሪ ያልቅ የነበረው ብልሽት ካምቢዮውን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ማን ይክፈል?» የሚለው ክርክር ነው።

በቂርያት መላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ለሚኖር ሰው መኪና ቅንጦት አይደለም። የሥራ መሄጃ፣ የልጅ ልጅ ማምጫ፣ ረሆቮት ካፕላን ሆስፒታል ለቀጠሮ መድረሻ ነው። በበጋ ሐሩር በ40 ቁጥር መንገድ ወይም በመላኪ መገናኛ ሰልፍ ይዞ መቆም ደግሞ የማቀዝቀዣውን ክፍል የሚፈትን ነገር ነው። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ብልሽቱ እንዴት ይፈጠራል?

የካምቢዮ ዘይት ሲሠራ ይሞቃል፤ መቀዝቀዝ አለበት። ብዙ አምራቾች ዘይቱን በቱቦ አውጥተው በራዲያተሩ የጎን ወይም የታች ጋን ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ማቀዝቀዣ ያሳልፉታል። ዘይቱ በማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ውሃው በዙሪያው ይፈስሳል። ማቀዝቀዣው በዝገት፣ በንዝረት ወይም በአሠራር ጉድለት ሲሰነጠቅ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳ የጋለው ውሃ ግፊቱን ይዞ ስለሚቆይ ወደ ዘይቱ መግባቱን ይቀጥላል።

በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሳህኖች ፊታቸው በሙጫ የተለጠፈ ልባስ አለው። ውሃና ፀረ በረዶው ፈሳሽ ልባሱን ያሳብጡታል፣ ሙጫውንም ያላቅቁታል። ብረቱ ይዝጋል፤ ማርሽ የሚቀይሩት የኤሌክትሪክ ቫልቮች ይደፈናሉ። በዚህ ደረጃ ዘይት መቀየር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ካምቢዮው ተፈትቶ መታደስ ወይም መለወጥ አለበት።

ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። ማኑዋል መኪና ይህ ማቀዝቀዣ ብዙውን ጊዜ የለውም። አንዳንድ አውቶማቲኮችም ማቀዝቀዣቸው ከራዲያተሩ ውጭ ነው። የራስን መኪና ዓይነት መካኒኩን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።

በዓለም የታወቀው ጉዳይ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ የኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ፍሮንቲየርና ኤክስቴራ መኪኖች በዚህ ብልሽት ስማቸው ተነሥቷል። ባለቤቶቹ የተቀላቀለውን ፈሳሽ ከመልኩ የተነሣ የእንጆሪ ወተት ብለው ይጠሩት ነበር። ኩባንያው የራዲያተሩን ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል አራዘመ፤ ይህም 129,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ግን የተበላሹት ከዚያ በኋላ ነበር።

በ2010 በኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት የጋራ ክስ ተከፈተ፤ በስምምነትም አለቀ። ሽፋኑ እስከ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ተዘረጋ፤ ነገር ግን በነጻ አልነበረም። ከ80,000 ማይል በላይ ባለቤቱ የመጀመሪያውን 2,500 ዶላር፣ ከ90,000 በላይ ደግሞ 3,000 ዶላር ከኪሱ እንዲከፍል ተደረገ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ኩባንያ ብልሽቱን ቢያምንም እንኳ የዓመትና የኪሎ ሜትር ገደብ ሁሉን ይወስናል። ብቻውን የሚያመለክት ሰው ያጣውን ደግሞ ተባብረው የጠየቁ ያገኙታል።

ክርክሩ የሚነሣው የት ላይ ነው?

አስመጪው ብዙ ጊዜ የሚያነሣቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «ራዲያተሩ በዋስትና ውስጥ ነው፣ የካምቢዮው ጉዳት ግን ከእሱ የመጣ ስለሆነ አይመለከተንም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሰርቪስ በጊዜው አልተደረገም፣ ወይም በራዲያተሩ የቧንቧ ውሃ ተጨምሯል» የሚል ነው። ሦስተኛው «መብራቱ ከበራ በኋላ መኪናው ተነድቷል» የሚል ነው።

ለመጀመሪያው መልሱ የዋስትና ደብተሩን ቃል ማንበብ ነው። አንድ ክፍል በፋብሪካ ጉድለት ተሰብሮ ሌላውን ካበላሸ፣ ሥሩ የት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለሁለተኛው መልሱ ወረቀት ነው። በእስራኤል ሰርቪስን ፈቃድ ባለው ሌላ ሙሳክ ማሠራት ብቻውን ዋስትናን አያፈርስም፤ ሆኖም ሥራው በአምራቹ መመሪያ መሠረት መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ሦስተኛውን ክርክር ግን ባለቤቱ ራሱ ካልቆመ የሚያድነው የለም። ምልክቱን አይቶ የነዳ ሰው ጉዳዩን በገዛ እጁ ያዳክማል።

አጠቃላይ ኢንሹራንስ፣ ማለትም ማኪፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሜካኒክ ብልሽትን አይሸፍንም። ዓመታዊው ቴስትም የካምቢዮ ዘይት አይቀዳም፤ ቴስት አለፈ ማለት ካምቢዮው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ እጅ መኪና የገዛ ሰው መብቱ በ1968 በወጣው የሽያጭ ሕግ ላይ ይቆማል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ፣ «አይተህ ገዝተሃል» ብሎ ማምለጥ አይችልም። የሚከብደው ማወቁን ማስረዳት ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በመመርመሪያ ተቋም፣ በማኾን፣ የራዲያተሩ ውሃና የካምቢዮው ዘይት ተለይተው እንዲታዩ በግልጽ መጠየቅ ይሻላል።

ምልክቶቹ

• የራዲያተሩ ውሃ ይቀንሳል፤ መሬት ላይ ግን የፈሰሰ ነገር አይታይም።
• በውሃ መጨመሪያው ዕቃ ውስጥ ሮዝ ወይም ቡናማ አረፋ፣ ወይም ቅባት ይታያል።
• የካምቢዮው ዘይት ጥርት ማለቱ ቀርቶ ወተት መስሏል።
• መኪናው በመካከለኛ ፍጥነት ይንቀጠቀጣል፤ ማርሽ ሲገባ ይዘገያል ወይም ይንሸራተታል።

ምልክት ሲታይ

1. መኪናውን ማቆምና ሞተሩን ማጥፋት፤ እስከ ሙሳክም ቢሆን በግራር፣ በተጎታች፣ መውሰድ። ሞተሩ ትኩስ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት አደገኛ ነው።
2. የሁለቱንም ፈሳሽ ፎቶ ማንሣት፤ ጥቂቱን በንጹሕ ማሰሮ ማስቀመጥ።
3. ከመፈታቱ በፊት ለአስመጪው ወይም ለሻጩ በጽሑፍ ማሳወቅና እንዲመረምር ዕድል መስጠት።
4. መካኒኩ የብልሽቱን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ የወጣውን ራዲያተርም እንዲመልስ መጠየቅ። ራዲያተሩ ከተጣለ ዋናው ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው።
5. እምቢታ ከመጣ በጽሑፍ መቀበል፤ የቃል መልስ አይበቃም።
6. ገንዘቡ ከፍ ካለ የመኪና ገማች፣ ሻማይ፣ አስተያየት ማስጻፍ።

ስምምነት ካልተገኘ ጉዳዩን ወደ ትንንሽ የገንዘብ ክሶች ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል። የክፍያ ጣሪያው በየጊዜው ይታደሳል፤ ሁለቱም ወገኖች በመደበኛው ሁኔታ ያለ ጠበቃ ይቀርባሉ፤ ስለዚህ በደንብ የተደረደረ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ ከኩባንያ ተወካይ ጋር እኩል ይቆማል። ዕብራይስጥ የሚከብደው ሰው ክሱን ለማጻፍ የዜጎች ምክር አገልግሎት የሆነውን ሺል በማዘጋጃ ቤቱ በኩል መጠየቅ ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ነው። በየሰርቪሱ ሁለቱን ፈሳሾች ማስታየት ደቂቃዎች ይወስዳል። ዕድሜው የገፋ ራዲያተር ካለ፣ ካምቢዮውን ሳይነካ በጊዜው መቀየር አዲስ ካምቢዮ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። ደረሰኞቹን ሁሉ በአንድ ፋይል፣ ከሪሺዮኑ ቅጂ ጋር፣ በቤት ማኖርም የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነው።