አሥር ጸሐፊ፣ አንድ ማህተም

ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ለቢሮ የተመላለሰ ሰው ሁለት ነገር ሳይሰማ አይመለስም። አንደኛው «ማህተሙ ያለው ኃላፊው ጋ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ፋይልህን የያዘው ልጅ ዛሬ አልገባም፣ ነገ ተመለስ» የሚለው። የኮምፒውተር ሰዎች ከሃምሳ ዓመት በላይ የሚታገሉት እነዚህኑ ሁለት ነገሮች ነው ብላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

የዛሬው ወጌ ስለ አፕሊኬሽን ሰርቨር ነው። በደንበኛውና በዳታቤዙ መካከል ቆሞ የድርጅቱን ሥራ የሚያካሂደውን ሶፍትዌር ማለቴ ነው። ድርጅት ሲያድግ ይህ ሶፍትዌር አብሮት ያድጋል ወይ? ሻጮቹ «እንዴታ!» ይላሉ። እኔ ግን ከሻጭ ይልቅ ታሪክ ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። የምንጠይቀው የኢቤይን ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሳሎን የተጀመረ ገበያ

በሴፕቴምበር 1995 ፒየር ኦሚድያር የሚባል የ28 ዓመት ፕሮግራመር ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ የጨረታ ድረ ገጽ ጻፈ። ስሙን ኦክሽንዌብ አለው። ነገሩ በጣም ቀላል ነበር። ፐርል በሚባለው ቋንቋ የተጻፉ ስክሪፕቶች ለእያንዳንዱ የጨረታ ዕቃ አንድ ፋይል ያመርታሉ፤ በቃ። መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን 14.83 ዶላር አወጣ።

ሰው በዛ። የኢንተርኔት አቅራቢው ድረ ገጹ የሚያመጣውን ጭነት አይቶ ከኦሚድያር የሚጠይቀውን ክፍያ በወር ከ30 ወደ 250 ዶላር አሳደገው። ኦሚድያርም ይህን ለመሸፈን ከሻጮች ኮሚሽን መጠየቅ ጀመረ። ሻጮቹ በፖስታ ይልኩለት ገቡ፤ አንዳንዱ ሳንቲሙን ካርድ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ይልክ ነበር ይባላል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህን ኩባንያ የወለደው ጭነት ነው። ከጭነት ጋር ያለው ትግልም ከዚያ ወዲህ ለቆት አያውቅም።

የፐርሉ ሥርዓት አቅሙ 50,000 ዕቃ ላይ ሲደርስ አለቀ። በሴፕቴምበር 1997 ድረ ገጹ ኢቤይ ተባለ፣ ፕሮግራሙም በሲ ፕላስ ፕላስ እንደገና ተጻፈ። አሁን ፊት ለፊት በዊንዶውስ የሚሠሩ ሰርቨሮች ይደረደራሉ፤ ከኋላ ደግሞ በሰን ማይክሮሲስተምስ ማሽን ላይ የተጫነ አንድ የኦራክል ዳታቤዝ አለ። ደንበኛ ሲበዛ ከፊት ሰርቨር መጨመር ነው። ጸሐፊ እንደ መቅጠር ማለት ነው። ማህተሙ ግን አንድ ነው። የትኛውም ጸሐፊ ጨረታ ሲመዘግብ እዚያው አንድ ዳታቤዝ ዘንድ መሄድ አለበት።

መፍትሔው ምን ነበር? ማህተም መቺውን ማፍጠን። ኢቤይ ዳታቤዙን ከትልቅ ማሽን ወደ የበለጠ ትልቅ ማሽን እያዛወረ ኖረ። በመጨረሻ የደረሰው ሰን በዘመኑ ይኩራራበት የነበረው ኢ10000 ላይ ነው፤ እስከ 64 ፕሮሰሰር የሚይዝ ግዙፍ ማሽን። ከዚያ በላይ የሚገዛ ነገር በቀላሉ አይገኝም ነበር።

22 ሰዓት

ጁን 10 ቀን 1999 ያ ዳታቤዝ ተበላሸ፤ ኢቤይም ለ22 ሰዓት ያህል ተዘጋ። ቦታውን ወዲያው ተክቶ የሚሠራ ተጠባባቂ ማሽን አልነበረም። ከፊት የተደረደሩት ሰርቨሮች ጤነኞች ነበሩ፤ ግን ማህተም ከሌለ ጸሐፊ ምን ይሠራል?

በዚያን ጊዜ ሥራቸውን ትተው እንጀራቸውን ሙሉ በሙሉ ከኢቤይ ጋር ያያያዙ ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ 22 ሰዓት ማለት ተከፍቶ የዋለ ግን ሰው የማይገባበት ሱቅ ነው። ኩባንያው ክፍያ መለሰላቸው። ከሩብ ዓመት ገቢው ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚቀነስም አስታወቀ፤ የአክሲዮኑ ዋጋ አሽቆለቆለ። ሥራ አስኪያጇ ሜግ ዊትማን ሠራተኞቿን አስተባብራ ለትልልቆቹ ሻጮች ስልክ እየተደወለ ይቅርታ እንዲጠየቅ አደረገች። በነሐሴ ወር ሜይናርድ ዌብ የሚባል ሰው ቴክኖሎጂውን እንዲመራ ተቀጠረ።

እዚህ ላይ ወደ 1967 ልመልሳችሁ። ጂን አምዳል የሚባል የኮምፒውተር መሐንዲስ በዚያ ዓመት ያቀረበው ሐሳብ ዛሬ በስሙ «የአምዳል ሕግ» ይባላል። ነገሩ ይህ ነው፤ ከሥራው 5 በመቶው ብቻ በተራ መሠራት ያለበት ከሆነ፣ ሺህ ማሽን ብትደረድሩ ፍጥነታችሁ ከ20 እጥፍ አያልፍም። 95 በመቶውን ለሺህ ማሽን አካፍላችሁ ወደ ዜሮ ብታስጠጉትም፣ ያቺ 5 በመቶ ባለችበት ትቀመጣለች። ማህተሟ ማለት እሷ ናት።

ፋይሉን የያዘው ልጅ

ኢቤይ ይህን ሁሉ ሲያይ፣ ገበያው ላይ ሌላ ወሬ ደርቶ ነበር። አፕሊኬሽን ሰርቨር አዲስ ሐሳብ አይደለም። አይቢኤም ሲክስ የተባለውን ምርቱን ለገበያ ያቀረበው በ1969 ነው። ተክሲዶ የሚባለው ደግሞ በ1983 ከኤቲ ኤንድ ቲ ቤት ወጣ። በዲሴምበር 1999 ሰን ጄ2ኢኢ የሚባለውን የጃቫ መመዘኛ ሲያወጣ ግን ነገሩ ፋሽን ሆነ። ዌብሎጂክና ዌብስፌር የየድርጅቱ ሕልም ሆኑ። ተስፋው የሚያጓጓ ነበር። «እናንተ የንግድ ሥራችሁን ብቻ ጻፉ፤ ማብዛቱን፣ ማከፋፈሉን፣ ገንዘብ ከአንዱ ቋት ወደ ሌላው በሰላም መሻገሩን ለሰርቨሩ ተዉት!»

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሰርቨሩ ይህን ምቾት የሚሰጠው ነገር በማስታወስ ነው። ደንበኛው ምን እንደመረጠ፣ የት እንደደረሰ በሰርቨሩ ማስታወሻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሴሽን ይሉታል። ያ ደንበኛ በሚቀጥለው ጠቅታ ሌላ ሰርቨር ላይ ቢያርፍ አያውቀውም። ስለዚህ ወይ ደንበኛው ወደዚያው ሰርቨር ብቻ እንዲመለስ ማስገደድ፣ ወይ ሰርቨሮቹ ያስታወሱትን ሁሉ ያለማቋረጥ እንዲነጋገሩ ማድረግ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «ፋይልህን የያዘው ልጅ አልገባም» ነው። ሁለተኛው ደግሞ አሥር ጸሐፊዎች ባለጉዳይ ከማስተናገድ ይልቅ ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ፋይል ሲገላበጡ መዋል ነው።

ኢቤይ በመጀመሪያ ማህተሙን አበዛው። ዳታቤዙን በሥራ ዓይነት ከፈለው፤ የተጠቃሚው ለብቻ፣ የሂሳቡ ለብቻ፣ የዕቃው ለብቻ። የዕቃውን ደግሞ በየምድቡ መልሶ ሸነሸነው። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ራሱ ተራው ደረሰ። ያ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም አድጎ አድጎ 3.3 ሚሊዮን መስመር ያለው አንድ ወጥ ፋይል ሆኖ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች እሱኑ ይነካካሉ፤ ኮምፓይለሩ የሚችለው የመጨረሻ ልክ ላይም ደርሷል። ስለዚህ ሁሉንም በጃቫ እንደገና ለመጻፍ ተወሰነ፤ አፕሊኬሽን ሰርቨርም ተገዛ።

ታሪኩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ኢቤይ ጄ2ኢኢን ገዝቶ አብዛኛውን ሳይጠቀምበት ተወው! ሴሽን በሰርቨሩ ውስጥ አይቀመጥም አለ፤ ባለጉዳዩ ፋይሉን ራሱ ይዞ ይዙር። ይህም በኩኪ ወይም ለዚሁ በተለየ ዳታቤዝ ይሆናል። ብዙ ዳታቤዞችን በአንድ ጊዜ ቆልፎ የሚያስማማውን ግብይት አልፈልግም አለ፤ አንዱ ሲዘገይ ሁሉንም ያስጠብቃልና። ዳታቤዙንም ሠንጠረዥ ከማጣመርና ከመደርደር ሥራ ገላግሎ፣ ያን ሥራ በቀላሉ መብዛት ወደሚችሉት ሰርቨሮች አዞረው።

ይህ ሁሉ በነጻ አልተገኘም። ዳታቤዙ ይሠራው የነበረውን አሁን ፕሮግራመሩ ይጽፈዋል። ሁለት ቦታ ያለ መረጃ ለአፍታ ላይስማማ ይችላል፤ ስለዚህ የትኛው ቀድሞ እንደሚጻፍ ማሰብ፣ የተዛነፈውን ደግሞ ኋላ አስታርቆ ማረም ግድ ነው። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ልክ ይሁን የሚለውን ምቾት ሰጡ፤ በምትኩ ማደግን ወሰዱ። በ2006 መሐንዲሶቹ ራንዲ ሹፕና ዳን ፕሪቼት ሥራውን ለባልደረቦቻቸው ሲያስረዱ ኢቤይ 212 ሚሊዮን የተመዘገበ ተጠቃሚ ነበረው፣ በቀን 1 ቢሊዮን ገጽ ያሳይም ነበር።

የተረፈን

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሮድ ጆንሰን በ2002 የጄ2ኢኢን ክብደት የሚተች መጽሐፍ አወጣ፤ ከእሱም ስፕሪንግ የሚባለው ቀለል ያለ ማዕቀፍ ተወለደ። በነጻ የሚገኘው ጄቦስ በ2006 ለሬድ ሃት ተሸጠ። የዌብሎጂክን ባለቤት ቢኢኤን ደግሞ ኦራክል በ2008 በ8.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ዛሬ በክላውድ ላይ የሚሠሩ ልጆች ሰርቨራቸው ምንም እንዳያስታውስ አድርገው ሲጽፉ፣ ብዙዎቹ ነገሩ በስንት ውድቀት እንደተገኘ አያውቁም።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱ። ሁሉም ድርጅት ኢቤይ አይደለም። ኢቤይ ራሱ በአንድ ዳታቤዝ አድጓል፤ በ1998 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ማህተሙ ገና አንድ ነበር። ለአሥር ሰው ወረፋ አሥር ማህተም የሚያስቀርጽ መሥሪያ ቤት ገንዘቡን በትኗል፣ ጸሐፊዎቹንም ግራ አጋብቷል። ትልቅ ማሽን መግዛት ነውር አይደለም፤ የሚጎዳው ማሽኑ የማያልቅ መስሎ መታየቱ ነው።

ስለዚህ ነገ ከነገ ወዲያ መሥሪያ ቤታችሁ ሶፍትዌር ሊገዛ ኮሚቴ ሲያቋቁምና እናንተም በወጣትነታችሁ «ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ ታውቂያለሽ» ተብላችሁ ስትመረጡ፣ ሻጩን «ስንት ሰው ይችላል?» ብላችሁ አትጠይቁት። ለዚህ ቁጥር አያጣም። ይልቅ «ማህተሙ የት ነው?» በሉት። ቀጥሎም «ፋይሉን የያዘው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካምታታችሁ፣ ሠርቶ ማሳያው ላይ ሰው ሁሉ እየተጠቀመበት ሳለ ከማሽኖቹ አንዱን እንዲያጠፋላችሁ በትሕትና ለምኑት። ፊቱን ያኔ እዩት።