ባለሜዳ የሌለው ጨዋታ

የእግር ኳስ መርሐ ግብር ስናነብ ስሙ ቀድሞ የተጻፈው ክለብ ባለሜዳው መሆኑን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ኳስ ስናይ ያደግን ሁሉ እንዲሁ እናውቀዋለን። ባለሜዳ ማለት እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ሕዝቡ፣ ጩኸቱ፣ ጭቃውና ፀሐዩ የእሱ ናቸው። እንግዳው ደግሞ መንገድ የደከመው፣ የሚሰደበውም የሚጨበጨብለትም በሰው አገር ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የከፍተኛ ሊግ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰባስበው መካሄድ ሲጀምሩ ይህ እውቀታችን ፋይዳ አጣ። ቤንች ማጂ ቡና ስሙ ቀድሞ ተጽፎ ሲጫወት ከሚዛን አማን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ ተጋጣሚውም እንደዚያው ከቤቱ ርቋል። ሁለት እንግዶች በሦስተኛ ሰው ቤት ይጫወታሉ። ባለሜዳነት በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ማዕረግ ሆነ።

በዚህ ጉዳይ የታችኛው ሊግ ደጋፊ ለሁለት ተከፍሏል። «ተሰባስቦ መጫወት ክለቦችን ከኪሳራ፣ ተጫዋቾችን ከአደጋ አዳነ» የሚል አለ። «ክለቡን ከእኛ ነጥቆ ወሰደብን» የሚልም አለ። ጭቅጭቁ የቴክኒክ ይመስላል፤ ስለ ምድብ፣ ስለ ነጥብ፣ ስለ ሆቴል። ታሪኩን ወደ ኋላ ተመልሰን ስናየው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ የዚህን ሰፊ አገር ርቀት ማን ይሸከመው?

ሲጀመር ሁሉም የአንድ ከተማ ልጆች ነበሩ

የአገራችን ሊግ በ1936 ዓ.ም. ሲጀመር የመንገድ ጥያቄ አልነበረበትም። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድን። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። የኢትዮጵያ ዋንጫ የምንለው የጥሎ ማለፍ ውድድርም የተወለደው በዚያው ሰሞን ነው።

ቀጥሎ አስመራና ድሬዳዋ መጡ። የአስመራ ክለቦችና የድሬዳዋው ኮተን የአዲስ አበባን ክለቦች እየረቱ ዋንጫ ወሰዱ። ልብ በሉ፤ አስመራም ድሬዳዋም የባቡር ሐዲድና የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። ኳሱ የሄደው ሐዲድና ደመወዝ ወደ ሄደበት ነው። ሚዛን ተፈሪ ያኔ በካፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ያለች፣ ቡናዋ በበቅሎና በጭነት መኪና የሚወጣላት ከተማ ነበረች። ሐዲድም ፋብሪካም አልደረሳትም።

የአገር ሻምፒዮን የሚለየው ለብዙ ዘመን የየክፍለ ሀገሩ አሸናፊዎች ተገናኝተው በሚያደርጉት ውድድር ነበር። በየአካባቢህ ትጫወታለህ፣ ካሸነፍክ ወደ ማጠቃለያው ትሄዳለህ። ስለዚህ «ተሰባስቦ መጫወት» የኮሮና ዘመን ፈጠራ ነው የሚሉ ወዳጆቻችን ትንሽ ቢታረሙ መልካም ነው። አዲስ የነበረውስ ደርሶ መልሱ ነው።

እሱም በ1990 ዓ.ም. መጣ። ዓመቱን ሙሉ በመላ አገሪቱ እየተዘዋወሩ የሚጫወቱበት ሊግ ተቋቋመና የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ። ትልቁ ለውጥ ግን በዋንጫው ሳይሆን በከተሞቹ ላይ የታየ ነው። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው መጨረሻ ላይ «ከተማ» የሚል ቃል የተለጠፈባቸው ክለቦች እንደ አሸን ፈሉ። የከተማ አስተዳደሩ ይበጅታል፣ ሕዝቡ ማሊያ ይገዛል፣ ከንቲባውም ክብር ትሪቡን ላይ ይቀመጣል። የክልል ከተማ ልጅ ከጋዜጣና ከሬዲዮ ብቻ የሚያውቃቸውን ክለቦች በራሱ ሜዳ አየ።

ከሚዛን እስከ ድሬዳዋ

የደቡብ ምዕራብ ቡና ምድር ወደዚህ ታሪክ በደንብ የገባው በከፍተኛ ሊግ ነው። ይህ ሊግ በ2008 ዓ.ም. በሁለት ምድብ ተከፍሎ ሲጀመር ከየምድቡ ሁለት ሁለት ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊግ አለፉ፤ ፋሲል ከነማ፣ ወልድያ፣ አዲስ አበባ ከተማ እና ጅማ አባ ቡና። በ2009 ደግሞ ጅማ አባ ጅፋር አለፈ፤ በ2010 ገና በመጣበት ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። ለሚዛን፣ ለቴፒ፣ ለቦንጋ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ጅማ መንገዳችን ላይ ያለች ከተማ ናት። ጅማ ከቻለች እኛስ?

ነገር ግን መሰላሉ በየዓመቱ ይቀያየር ነበር። በ2008 በምድቡ ሁለተኛ የወጣ ያልፋል። በ2010 ሁለተኛ የወጣ ከሌላው ምድብ ሁለተኛ ጋር መለያ ጨዋታ ይጠብቀዋል። በዚያ ዓመት መለያውን ሽረ እንዳሥላሴ አሸንፎ ሲያልፍ ጅማ አባ ቡና በአንዲት ጨዋታ ቀረ። በ2011 ምድቡ ሦስት ሆነና የየምድቡ አንደኛ ብቻ አለፈ፤ ሰበታ፣ ወልቂጤና ሀዲያ ሆሳዕና። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። ዓመቱን ሙሉ የተለቀመ ነጥብ ሁሉ ውኃ በላው። በ2016 ደግሞ ወደ ሁለት ምድብ ተመለስን። ተጫዋቹ ያው፣ ሜዳው ያው፣ ደረጃውም ያው ሆኖ ዕጣው ግን በየዓመቱ በሚጻፍ ደንብ ይለያያል።

አሁን ደግሞ ርቀቱን እንይ። በ2010 ዓ.ም. ቤንች ማጂ ቡና ከድሬዳዋ ክለቦች ጋር በአንድ ምድብ ነበር። ሚዛን አማን ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ድሬዳዋ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሌላው አቅጣጫ ሌላ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ ጨዋታ ለመጫወት ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፣ መልሱም እንደዚያው፣ ሁሉም በአውቶቡስ! ዘጠና ደቂቃ ለመሮጥ የሚሄዱ ልጆች ቀናት ሙሉ ተቀምጠው ይጓዛሉ። በሌላ በኩል በዚያው ምድብ የቦንጋው ካፋ ቡና ነበር። የሚዛንና የቦንጋ ጨዋታ ሁለት ቡና የሚባሉ ጎረቤቶች የሚፋለሙበት፣ ደጋፊ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስበት ነው። በአንድ ደንብ ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ የማይረሳው ደርቢና የማይቻለው ጉዞ።

ግጭት፣ ኮሮና፣ ካሜራ

ደርሶ መልሱ የፈረሰው በአንድ ቀን አይደለም። ቀድሞ የሰነጠቀው ግጭት ነው። በኅዳር 2010 ወልድያና መቐለ ከተማ በወልድያ ሊጫወቱ ሲሉ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ «ገለልተኛ ሜዳ» የሚለው ቃል ከስፖርት ዜና አልጠፋም። የክለብ ማሊያ የብሔር መታወቂያ ተደርጎ በሚታይበት ወቅት እንግዳ መሆን የሚያስፈራ ነገር ሆነ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያም ካሜራ። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. መተላለፍ ጀመረ፤ የአምስት ዓመቱ ስምምነት 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተባለለት። የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ሳይኖሩ በቀሩት 13 ክለቦች መካከል ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ ተካሄዱ። ካሜራው መልካም ሜዳና መብራት ይፈልጋል፤ በየሳምንቱ ወደ ስድስትና ሰባት ከተማ መዞርም አይችልም። ይህ ይገባናል። የማይገባው፣ ከፍተኛ ሊጉ ቅርጹን ሲወርስ ያ ገንዘብ አብሮት አለመምጣቱ ነው። ቅርጹ የሀብታም፣ ኪሱ ግን የድሃ።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው

እስኪ ለተሰባስቦው ወገን ፍርድ እንስጥ። የአብዛኛው የከፍተኛ ሊግ ክለብ በጀት ከከተማ ወይም ከዞን አስተዳደር የሚወጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ለአውቶቡስ፣ ለነዳጅ፣ ለመንገድ ላይ አልጋ የሚወጣው ብር የጤና ጣቢያም ብር ነው። በአንድ ከተማ ሲሰባሰቡ ጉዞው በጥቂት ዙር ያልቃል። ዳኛው የባለሜዳ ሕዝብ አያስፈራውም። መልማዮችም በአንድ ቀን ብዙ ቡድን ያያሉ፤ ከሚዛን ጫካ ሥር የበቀለ አጥቂ የሚታየው ያኔ ነው ይላሉ። አስተናጋጅ ከተማም ትጠቀማለች። ጅማ በ2013 የሊጉን ክለቦች ሁሉ በስታዲየሟ ማየቷን የጅማ ልጅ አይረሳውም።

የሌላው ወገን መልስ አጭር ነው፤ «እኛስ ምን አየን?» ክለቡ ለሳምንታት በሰው ከተማ ሆቴል ይከርማል፤ የአልጋና የምግብ ሂሳቡ የሚከፈለው ከሚዛን ግብር ነው። የስታዲየም መግቢያ ብር፣ የባጃጁ፣ የሻይ ቤቱ፣ የቆሎ ሻጯ ገበያ ግን ሚዛን አይደርስም። ውጤቱን ከስልክ ላይ ታነባለህ። ያላየኸውን ቡድን እስከ መቼ ትወዳለህ? የሰፈር ልጅስ እንደ ማን ልሁን ብሎ ኳስ ይምታ? ቅዳሜ ሲመጣ አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት ይጠብቁታል።

«ካሸነፉ የትም ቢጫወቱ ምን አለበት» የሚል ክርክርም እሰማለሁ። ለዚህ የቤንች ምድር የራሱ ምሳሌ አለው። የጌሻ ቡና ዘር ከዚህ አካባቢ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወጥቶ፣ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል አድርጎ መካከለኛው አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ጨረታ ዓለምን አስደነቀ። ስሙ የእኛ ነው፤ ዋጋው ግን ፓናማ ቀረ። ከቤት ርቆ የሚገኝ ዝና ለቤቱ ምን እንደሚያተርፍ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

ትልቁ ምሳሌ ደግሞ ዋልያዎቹ ናቸው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ «ባለሜዳ» ነበርን፤ ሜዳው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ ያን የመሰለ ቀን በሰው አገር አለፈ። ያን ቀን መላው ኢትዮጵያ ቁጭት ተሰማው። የታችኛው ሊግ ደጋፊ ይህን ቁጭት የሚያውቀው በየሳምንቱ ነው።

እንግሊዞችም ተጣልተውበታል

የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ለሦስተኛና ለአራተኛ እርከን ክለቦች ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ ዋንጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 አዘጋጆቹ የ16 ትልልቅ አካዳሚዎችን የታዳጊ ቡድኖች ጨመሩበት፤ የጥሎ ማለፉን መጀመሪያም ምድብ አደረጉት። ምክንያታቸው ለአገሪቱ ወጣት ተጫዋቾች ልምድ መስጠት ነበር። የትንንሾቹ ክለቦች ደጋፊዎች ግን «የእኛን ዋንጫ ለሀብታም ልጆች መለማመጃ አደረጋችሁት» ብለው ስታዲየም አልገባም አሉ። ጨዋታዎች በባዶ ወንበር ተካሄዱ። ጠንካራ ቡድን አላሰለፋችሁም ተብለው የተቀጡ ክለቦችም ነበሩ።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። በዚያው ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2019 ፖርትስመዝና ሰንደርላንድ ለፍጻሜ ሲደርሱ ዌምብሌይ 85,021 ሰው ገባ። ምን ማለት ነው? ደጋፊ ቅርጹን የሚጠላው ቅርጽ ስለሆነ አይደለም። የራሱን ክለብ ሲያገኝበት ይመጣል፣ ሲያጣበት ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

ከሁለቱ ምረጪ ብባል ሁለቱንም እመርጣለሁ። ታሪካችን ራሱ መንገዱን ያሳየናል። ምድቦቹ በጉርብትና ይከፈሉ፤ ሚዛን ከቦንጋ፣ ከጅማ፣ ከአካባቢው ክለቦች ጋር ደርሶ መልስ ይጫወት። በቀን ደርሶ መመለስ በሚቻልበት ርቀት ወጪውም ስጋቱም ይቀንሳል። አሸናፊዎቹ ከዚያ በአንድ ከተማ ተሰባስበው የማጠቃለያውን ውድድር ያድርጉ፤ ካሜራውም መልማዩም እዚያ ይጠብቃቸው። የየክፍለ ሀገሩ ሻምፒዮኖች ሲገናኙበት የነበረው አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

መቃወሚያው ይታወቃል። በጉርብትና ሲከፈል ጠንካራ አካባቢ ይጨናነቃል፣ ደካማው ይቀለዋል። ጎረቤት ደግሞ ጎረቤቱን ሲጠላ ከሩቅ ሰው ይብሳል። እውነት ነው። ይሁንና የመጀመሪያው በማለፊያ ኮታ ይስተካከላል። ሁለተኛውን ደግሞ ጎረቤታሞችን እንዳይገናኙ በማድረግ አንፈታውም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት የክልሉን ማዕከል አንድ ቦታ ላይ ከመከመር ይልቅ ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለተርጫና ለቴፒ አካፈሉት። ያ ውሳኔ የራሱ ችግር ይኖረዋል፤ የያዘው ሐሳብ ግን ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ ወደ ማዕከል ከሚመላለስ ማዕከሉ ወደ ሕዝቡ ይቅረብ። ለቢሮ የታሰበው ለኳስ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

ቤንች ማጂ የሚባለው ዞን ዛሬ የለም፤ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ከተከፈለ በኋላም የድሮውን ስም ይዞ በመርሐ ግብር ላይ የተጓዘው ክለቡ ነው። የካርታ መስመር የለያየውን ሕዝብ በአንድ ስም የሚያስጮህ ነገር በየቀኑ አይገኝም። የሚያስጮኸው ግን አጠገቡ ሲጫወት ነው። በፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ የክለብና የክልል ተወካይ እጁን ያወጣል፤ ቆሞ የሚጮኸው ደጋፊ ድምፅ የለውም። የሚቀጥለው ዓመት ቅርጽ ሲጻፍ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠይቅለት፤ ይህ ጨዋታ የሚካሄደው በማን ፊት ነው?