የዕፅዋት ኬላ፤ ከወለጋ መንገድ የተገኘ ትምህርት

በቀድሞው ዘመን የሲራራ ነጋዴ ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሲጓዝ በየኬላው መቆም ግዴታው ነበር። ኬላ ጠባቂው ጭነቱን ያያል፤ ቀረጡን ይቀበላል፤ ከዚያም ያሳልፈዋል። የሚጠየቀው የጭነቱ ዋጋ ነበር፤ ጭነቱ ደዌ ያለበት እንደ ሆነ የሚመረምር ግን አልነበረም። ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለዚህ ሳይጠየቅ ስለ ቀረው ጥያቄ ነው። ይኸውም ተክልና የተክል ውጤት ከአንዱ አገር ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አውራጃም ወደ ሌላው ሲዛወር ሊጠበቅ ስለሚገባው ሥርዐት፣ ማለት ስለ ዕፅዋት ኳራንቲን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኳራንቲን የሚለው ቃል ከኢጣልያውያን ዘንድ የተገኘ ሲሆን መነሻው «አርባ» የሚለው ቊጥር ነው። በወረርሽኝ ዘመን የቬኒስ ሹማምንት ከውጭ የመጣ መርከብ ሰዎቹን ሳያወርድ አርባ ቀን እንዲቆይ ያዝዙ ስለ ነበር ስሙ በዚያው ጸና። ለሰው የተደረገው ጥንቃቄ ለተክል የተደረገው ግን ብዙ ጥፋት ከደረሰ በኋላ ነው። በ1869 በሴሎን ደሴት የቡና ዝገት ታየ፤ ብዙ ዓመታትም ሳያልፉ የደሴቲቱ የቡና እርሻ ጠፍቶ በቦታው ሻይ ተተከለ። በዚያው ዘመን ፊሎክሴራ የምትባል ትንሽ ተባይ ከአሜሪካ ተሻግራ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ አደረቀች። ከዚህም የተነሣ መንግሥታት በ1878 በስዊስ አገር በበርን ከተማ ተሰብስበው ይህችን ተባይ ለመግታት ስምምነት ተፈራረሙ። ዛሬ አብዛኞቹ አገሮች የሚመሩበት የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነትም በ1951 በሮማ ተደረገ።

ወደ አገራችን ስንመለስ 1971 የምትታሰብ ዓመት ናት። አስቀድሞ በ1922 በኬንያ የታወቀው፣ ገና ያልበሰለውን የቡና ፍሬ እያጠቈረ የሚያረግፈው በሽታ በኢትዮጵያ የታየው በዚያች ዓመት ነው። የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቊጥር 56 የወጣውም በዚያችው ዓመት ነው። ኋላም በ1992 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ቊጥር 4ን አወጣ። የሕጎቹ አሳብ በአጭሩ ሁለት ነው፤ ጎጂ ተባይና በሽታ ከውጭ እንዳይገባ መከልከል፣ የገባም እንደ ሆነ በአገር ውስጥ እንዳይዛመት መግታት ነው። ሕዝብ አብዝቶ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለተኛውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

በዓለም ገበያ «ለቀምት» እየተባለ የሚሸጠው ቡና ስሙን የወሰደው ከነቀምቴ ነውና የቡናው በሽታ ለወለጋ ሕዝብ የኑሮ ጉዳይ ነበር። ቡና ግን አንድ መጠጊያ ነበረው፤ የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ስለ ሆነች በሽታውን የሚቋቋም ዘር ከገዛ አገሩ ተገኘለት። ገበሬው በቊጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዐይነቶች በ1974 የተመረጡት ከወለጋ ጎረቤት ከኢሉባቦር፣ በመቱ አካባቢ ነው። በስማቸው መጀመሪያ ያለው 74 ያንኑ ዓመት ያመለክታል።

ማንጎ ግን እንዲህ ያለ መጠጊያ የለውም። እርሱ በአገራችን እንግዳ ነው። እንግዳነቱ ነውር አይደለም፤ በቆሎና በርበሬ ከአሜሪካ፣ ባሕር ዛፍም ከአውስትራልያ የመጡ ናቸው፤ ዛሬም ያለ እነርሱ መኖር አይታሰብም። ነገር ግን እንግዳ ተክል በታመመ ጊዜ በጫካችን ውስጥ የሚተካው ዘመድ አይገኝለትም። ስለዚህ ዋናው መድኃኒቱ ኬላው ነው።

ያ ኬላ በ2010 ሳይዘጋ ተገኘ። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር፣ በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በተባለው ስፍራ በሚገኝ የግል እርሻ ላይ ነጩ የማንጎ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ታየ። የገባውም ከህንድ ከመጡ የማንጎ ችግኞች ጋር እንደ ሆነ ይታመናል። ተባዩ የቅጠሉን፣ የቅርንጫፉንና የፍሬውን ፈሳሽ ይመጣል፤ በፍሬው ልጣጭ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ስለሚተውም ገዢ ይሸሸዋል። በጓሮዋ ባሉት ጥቂት የማንጎ ዛፎች የልጆቿን ደብተርና ልብስ ለምትገዛ እናት ይህ ነጠብጣብ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን፣ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር አስተውል። እንቊላል የምትጥለው ሴቲቱ ተባይ ክንፍም እግርም የላትም፤ ከነጭ ጋሻዋ ሥር ተጣብቃ ትኖራለች። የሚንቀሳቀሱት አዲስ የተፈለፈሉት ግልገሎች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ በእግራቸው ሩቅ አይደርሱም። እንዲህም ሆኖ ተባዩ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋን አዳርሶ ወደ አሶሳ ዘለቀ፤ በስምጥ ሸለቆም ታየ። ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ብቻ ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ነፋስ ጥቂት ቢረዳት እንኳ ይህን ሁሉ አገር እግር የሌላትን ማን አሻገራት? ችግኝ የጫነው መኪና፣ ፍሬውን ከነቅጠሉ የሞላው ቅርጫት፣ ባጭሩ የኛው እጅ ነው።

ይህን ስንል ነጋዴውንና ገበሬውን ብቻ እንዳንወቅስ እንጠንቀቅ። የመንግሥት ሠራተኛ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ከጊምቢም ወደ ደምቢ ዶሎ ሲዛወር ከዕቃው መካከል ለአዲሱ ጓሮው ያዘጋጀው ችግኝ አይጠፋም። ለበዓል ወደ ወላጆቹ የሚሄደውም የሚተከል ነገር ስጦታ ይዞ ይሄዳል። በጎ አሳብ ነው፤ ነገር ግን ተባይ የሰውን አሳብ አይለይም። የቅጠሉን ግራና ቀኝ አገላብጦ ማየት፣ ጤንነቱ ካልታወቀ ስፍራም ችግኝ አለመውሰድ ደመወዝ የማይነካ ጥንቃቄ ነው።

በሌላ በኩል ክልከላ ብቻውን እንደማይበቃ መናገር ተገቢ ነው። ገበሬውን «ከዛሬ ጀምሮ ችግኝህን አትሽጥ፣ አታሻግር» ብሎ የሚያዝዝ ሹም፣ ገበሬው በዚያ ዓመት በምን እንደሚኖር ሳያስብ ከቀረ፣ ቀን የተከለከለው ችግኝ ሌሊት ይጓዛል። ከዚህም የባሰው፣ ተባይ ያየ ሰው ንብረቱ እንዳይታገድበት ፈርቶ ዝም ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ይህ ዝምታ ከተባዩ ይልቅ ይጎዳል። ስለዚህ የኳራንቲን ደንብ የሚጸናው ከትእዛዙ ጋር ንጹሕ ችግኝ ሲቀርብ፣ አስቀድሞ የተናገረውም ሰው ሲታገዝ እንጂ ሲቀጣ አይደለም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የድሮው ኬላ ጠባቂ የቆመው በመንገድ ላይ ነበር፤ የዕፅዋት ኬላ ግን በየጽሕፈት ቤቱም አለ። የይለፍ ወረቀት የምትፈርም፣ ማኅተም የምታትም አንባቢ ሆይ፣ ነገ ከፊትህ የሚቀርበው ወረቀት ስለ አንድ መኪና ችግኝ ቢሆን፣ የድሮው ኬላ ጠባቂ ያልጠየቀውን ጠይቅ፤ ይህ ተክል ከየት ተነሣ? ጤንነቱንስ ማን አየው?